የሰፈር ማዕድ ማጋራት ማኅበር እንዴት ያድጋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየሰፈሩ ለችግረኞች ምግብ የሚያቀርቡ ማኅበራትን የሚመሩ፣ ለመመሥረት ያሰቡና የሚደግፉ ሰዎች ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

የማዕድ ማጋራት ማኅበር ምንድን ነው? ከእድርና ከሰንበቴ በምን ይለያል?

እድር አባሉ ሐዘን ሲደርስበት የሚደርስለት፣ በአባላት ወርኃዊ መዋጮ የቆመ ተቋም ነው። ሰንበቴና የጽዋ ማኅበርም በእምነት የተሳሰሩ አባላት የሚሰባሰቡባቸው ናቸው፤ ነዳያንን ማብላት ልማዳቸው ቢሆንም የየዕለት ሥራቸው አይደለም። የማዕድ ማጋራት ማኅበር ግን አባል ላልሆነና መዋጮ መክፈል ለማይችል ሰው፣ ዘሩና ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ፣ በታወቀ ቀንና ሰዓት ምግብ ያቀርባል።

ይህ ልዩነት እንዳለ ሆኖ፣ የሰፈር ማኅበር ሲጀመር መጀመሪያ የሚጠጋው እድሩን ነው። ትልልቁ ድስት፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድንኳኑ፣ ለሁለት መቶ ሰው ወጥ መሥራት የማያስፈራቸው እናቶችም ያሉት እዚያ ነው። አዲስ ዕቃ ለመግዛት ገንዘብ ከማሰባሰብ በፊት የእድሩን ዳኛ ማነጋገር ወጪ ይቀንሳል፤ ከዚያም በላይ ማኅበሩ በሰፈሩ ዘንድ የሚታመንበትን መንገድ ይከፍታል።

በስንት ሰው መጀመር ይሻላል?

በዓመቱ ውስጥ እጅግ ከባድ በሆነው ወር ሳያቋርጡ ማብላት በሚቻለው ሰው ቁጥር መጀመር ይገባል። ለአብዛኛው የከተማ ሰፈር ይህ ወር ነሐሴ ወይም መስከረም ነው፤ የአሮጌው ምርት እህል ተሟጥጦ ዋጋው የሚንርበት፣ አዋጪዎችም ለልጆቻቸው ደብተር፣ የደንብ ልብስና የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሯሯጡበት ጊዜ ነው። በጥር ወር መቶ ሰው ማብላት የቻለ ማኅበር በመስከረም አርባውን ብቻ የሚያበላ ከሆነ፣ ትክክለኛ አቅሙ አርባ ነው።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በየቀኑ ምሳ እንደሚያገኝ የተነገረው ሰው ኑሮውን በዚያ ላይ ያደራጃል፤ ቀድሞ ትንሽ ምግብ ይሰጡት የነበሩ ጎረቤቶችም «አሁንማ ማኅበሩ አለለት» ብለው ይተዉታል። ማኅበሩ በሦስተኛው ወር ሲያቋርጥ ሰውዬው ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ከነበረበት ዝቅ ይላል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ሃያ ሰው ማብላትና ዓመቱን ሙሉ አለማጓደል፣ በየቀኑ መቶ ሰው አብልቶ ከመዝጋት የተሻለ አገልግሎት ነው።

ማንን መመገብ እንዳለብን በምን እንለያለን?

የወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያለው ዝርዝር ጥሩ መነሻ ነው። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሥራ የጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም በመንደር ደረጃ ችግረኞችን የመለየት ልምድ አምጥቷል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ዝርዝር ነዋሪነትን መነሻ ስለሚያደርግ፣ መታወቂያ የሌላቸውን፣ በቅርቡ ከገጠር የመጡትን፣ በጎዳና የሚያድሩትንና በሰው ጓሮ በላስቲክ የተጠለሉትን ሊያልፋቸው ይችላል።

ዝርዝር የማይደርስባቸው ሌሎች ሰዎችም አሉ፤ እነሱም ችግራቸውን ለመናገር የሚያፍሩ ናቸው። ጡረታው የቤት ኪራይ እንኳ የማይሸፍንለት የቀድሞ ሠራተኛ፣ ባሏ የሞተባትና ሰው ፊት መቅረብ የከበዳት እናት፣ ሥራ ያጣ አባወራ በሰልፍ ላይ አይታዩም። እነዚህን የሚያውቋቸው የሰፈሩ ባለሱቅ፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የትምህርት ቤቱ መምህራን ናቸው። ባለሱቁ ዱቤው ሞልቶበት መምጣት ያቆመውን ሰው ያውቃል፤ ጉልት የምትሸጠው ሴት ቀድሞ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ትገዛ የነበረችው ጎረቤቷ አሁን ሁለት ራስ ብቻ እንደምትወስድ ታያለች። ማኅበሩ እነዚህን ሰዎች በወር አንድ ጊዜ ቢጠይቅ ከማንኛውም መጠይቅ የበለጠ መረጃ ያገኛል።

ምርጫውን አንድ ሰው ብቻውን መወሰን የለበትም። ከሦስት እስከ አምስት አባላት ያሉት መራጭ ኮሚቴ ቢቋቋም፣ የማንኛውም ኮሚቴ አባል ዘመድ ጉዳይ ሲታይ ያ አባል ቢወጣ፣ ዝርዝሩም በየስድስት ወሩ ቢታደስ ሐሜቱም አድልዎውም ይቀንሳል።

የበሰለ ምግብ ማቅረብ ይሻላል ወይስ ደረቅ ቀለብ መስጠት?

መልሱ በሰፈሩ ባለው ችግረኛ ማንነት ይወሰናል። ማብሰያ ለሌለው፣ በጎዳና ለሚያድር፣ ጧሪ ለሌለው አረጋዊና ለታመመ ሰው የበሰለ ምግብ ያስፈልገዋል። ልጆች ላሏትና ምድጃ ላላት እናት ግን ደረቅ ቀለብ ይበልጥ ይረዳታል፤ ምክንያቱም ከልጆቿ ጋር በቤቷ እንድትመገብ ያስችላታል፣ በየቀኑ ተሰልፋ የምታጠፋውንም ሰዓት ለሥራ ያተርፍላታል።

ብዙ ማኅበራት ከበሰለ ምግብ ወደ ደረቅ ቀለብ ያደጉት በአንድ በጣም ግልጽ ምልክት ተመርተው ነው። አንዲት ሴት ከቀረበላት እንጀራ ግማሹን በልታ ቀሪውን በነጠላዋ ጥግ ጠቅልላ ስትወጣ ትታያለች። አንዳንድ አስተባባሪ «ምግብ ይዞ መውጣት ክልክል ነው» ብሎ ይቆጣል፤ እኛ ግን እንዲህ ዓይነት ደንብ መኖር የለበትም እንላለን። በነጠላዋ ያለው እንጀራ ቤት የቀረ ሰው እንዳለ ይናገራል፤ ምናልባት ልጅ ነው፣ ምናልባት የአልጋ ቁራኛ የሆነ ባል ነው። የሚገባው ምላሽ ማግስቱን ሄዶ ቤቷን ማየትና ለቤተሰቡ የሚበቃ ድርሻ መመደብ ነው።

ደረቅ ቀለብ ሲሰጥ የሚረሳው የማዘጋጃው ወጪ ነው። ጤፍ በእህልነቱ የተሰጣት ሴት የወፍጮ ገንዘብ ከሌላት ከተሰጣት ላይ ሸጣ ታስፈጫለች፤ ከሰል ከሌላትም እንደዚሁ። ስለዚህ ዱቄቱን አስፈጭቶ መስጠት ወይም ከወፍጮ ቤቱ ጋር ተስማምቶ በማኅበሩ ወረቀት እንዲፈጭላት ማድረግ ይገባል።

ምን ዓይነት ምግብ ቢቀርብ ሁሉም ሰው ሊበላው ይችላል?

ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና ጎመን የማንኛውም ማኅበር መሠረት ናቸው። የኦርቶዶክስ አማኞች ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ ከዓመቱ ቀናት ብዙውን ይጾማሉ፤ ሙስሊሞችም እነዚህን ምግቦች ያለ ጥያቄ ይመገባሉ። በበዓል ቀን ሥጋ የሚቀርብ ከሆነ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በየእምነታቸው የታረደውን እንዲያገኙ ድስቱም፣ ቢላዋውም፣ አቅራቢውም መለየት አለበት። በረመዳን ወር የምሳ ተራ ለጾመኛው ስለማይጠቅመው፣ ድርሻውን ለማፍጠሪያ ሰዓት አዘጋጅቶ መስጠት ክብርን መጠበቅ ነው።

በግዢ ጊዜ ሁለት ነገሮችን መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛው ጓያ ነው። ጓያ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግርን ሽባ የሚያደርግ በሽታ ያስከትላል፤ ዋጋው ርካሽ በመሆኑም በሽሮ እህል ውስጥ ተቀላቅሎ ሊመጣ ይችላል። በየቀኑ ከአንድ ድስት የሚመገብ ሰው ከሌላው በላይ ለዚህ የተጋለጠ ስለሆነ፣ የተፈጨ ሽሮ ከመግዛት ይልቅ አተሩንና ባቄላውን ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ ቆልቶ ማስፈጨት ይመረጣል። ሁለተኛው በርበሬ ነው፤ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ገበያ ላይ ስለሚገኝ ዛላውን ገዝቶ ማዘጋጀት ያዋጣል። ጨውም አዮዲን ያለው ይሁን።

ሕጋዊ ዕውቅና ማግኘት ያለብን መቼ ነው?

ጥቂት ጎረቤታሞች ከኪሳቸው አዋጥተው ለአንድ ቤተሰብ አስቤዛ ሲገዙ የምዝገባ ጉዳይ አይነሣም። ከማይተዋወቁ ሰዎች ገንዘብ መቀበል፣ በማኅበሩ ስም የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ ቤት መከራየትና ሠራተኛ መቅጠር ሲጀመር ግን ሕጋዊ ሰውነት የግድ ይሆናል። በአንድ ግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ የሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ግለሰቡ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ እሱንም ማኅበሩንም ለአደጋ ያጋልጣል።

በኢትዮጵያ ሥራ ላይ የዋለው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው፤ የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 621/2001 ተክቶ ወጥቷል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ወይም ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩ ድርጅቶች በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይመዘገባሉ፤ በአንድ ክልል ብቻ የሚሠሩት ደግሞ በክልሉ ሕግ ይተዳደራሉ። አዋጁ የተለያዩ አደረጃጀቶችን ያቀርባል፤ ከእነዚህም መካከል ቢያንስ አምስት አባላት የሚያስፈልጉት ማኅበር፣ በቦርድ የሚመራ ድርጅትና ለተወሰነ ዓላማ ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚቋቋም የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ይገኙበታል። እድርና እቁብ በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ ስለዚህ በእድር ጥላ ሥር የተጀመረ የምገባ ሥራ ሲሰፋ ራሱን ችሎ መመዝገብ ይኖርበታል።

የማደጊያው ጊዜ መድረሱን በምን እናውቃለን?

የተመጋቢው ሰልፍ መርዘም ብቻውን ምልክት አይደለም፤ ሰልፍ በደጅ ሲታይ ከሌላ ሰፈር ጭምር ሰው ይመጣል። ይበልጥ የሚታመኑት ምልክቶች ሌሎች ናቸው፤ ለተከታታይ ወራት መዋጮው ከወጪው በልጦ መገኘቱ፣ ዋናዋ አብሳይ ስትታመም ሥራው ሳይስተጓጎል መዋሉ፣ ቢያንስ የሁለት ወር እህል በመጋዘን መኖሩና ተራ ጠባቂ ተብለው የተመዘገቡ ችግረኞች ስም በደብተር መቀመጡ ናቸው።

ደብተሩን በተመለከተ አንድ ምክር አለን። በየቀኑ የመጡትን መቁጠር ጥሩ ነው፤ ሳይበሉ የተመለሱትን፣ ቀርተው የከረሙትንና የቀሩበትን ምክንያት መመዝገብ ግን ይበልጥ ይጠቅማል። ለሳምንት ያልታዩ አዛውንት ምናልባት ታመው ይሆናል፤ ምናልባት መንገዱ ጭቃ ሆኖባቸው ይሆናል። «ደረጃ መውጣት አልችልም» ብለው የቀሩ ሦስት ሰዎች ከተመዘገቡ፣ ቀጣዩ ዕድገት አዲስ ድስት ሳይሆን ምሳ ዕቃ ይዞ ቤት ለቤት የሚሄድ ወጣት ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የሚያዘልቀው የብዙ ሰዎች ትንሽ የወር መዋጮ ነው። አንድ ባለሀብት በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ትልቅ ገንዘብ ለዕቃ መግዣ፣ ለምድጃ፣ ለጣሪያ ጥገና ቢውል መልካም ነው፤ የዕለት እንጀራን በእሱ ላይ መመሥረት ግን አደገኛ ነው፤ እሱ ሲደክመው ወይም ንግዱ ሲቀዘቅዝ ድስቱ ይደርቃል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የሕዝቡ የቆየ ልማድ ነው። ልደት፣ ክርስትና፣ ሠርግ፣ ተዝካርና ዝክር ያለበት ሰው የአንድ ቀን ማዕድ እንዲሸፍን መጠየቅ አያስቸግርም፤ ለሙስሊም ቤተሰቦችም ዘካና ሰደቃ የታወቀ መንገድ ነው። የአንድ ቀን ምግብ ምን ያህል እንደሚያስወጣ በደጁ ተጽፎ ቢለጠፍ ሰው አቅሙን አይቶ ሙሉውን፣ ግማሹን ወይም ሩቡን ይይዛል።

የበዓል ስጦታ የራሱ ችግር አለው። በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካና በዒድ ሰሞን ዶሮው፣ ዘይቱና ዱቄቱ ይጎርፋል፤ በየካቲት አጋማሽ ደግሞ ማንም አያስታውስም። የጎረፈውን ሁሉ በበዓሉ ዕለት ማከፋፈል ግዴታ እንዳልሆነ ለሰጪዎች ቀድሞ ማስረዳት ይገባል። ዘይትና ዱቄት በወራት ይከፋፈላል፤ በግ ይዞ የሚመጣውንም «ግማሹን ዋጋ በምስር አድርጉልን» ብሎ መለመን አያሳፍርም።

ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች ገቢ በሚያስገኝ ሥራ ላይ ተሰማርተው ትርፉን ለዓላማቸው እንዲያውሉ ይፈቅዳል። እንጀራ ጋግሮ መሸጥ፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቶ ማቅረብ ማብሰያ ቤት ላለው ማኅበር የሚቀርቡ ሥራዎች ናቸው፤ ከተመጋቢዎቹ መካከል ጉልበት ላላቸውም ደሞዝ ያስገኛሉ።

ዋጋ በየጊዜው ሲጨምር በጀት እንዴት እንያዝ?

በጀቱን በብር ሳይሆን በኩንታል፣ በሊትርና በኪሎ መያዝ ይጀመር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዘይትን የመሰሉ ሸቀጦች ዋጋ የዓመት ዕቅድን ያፋልሳል። «በወር ይህን ያህል ጤፍ፣ ይህን ያህል ምስር፣ ይህን ያህል ዘይት» ብሎ ያቀደ ማኅበር ዋጋ ሲንር ምን እንደጎደለው ወዲያው ያያል፤ ለአዋጪዎቹም «ሃያ ሊትር ዘይት ጎድሎናል» ብሎ መናገር ከ«ገንዘብ አነሰን» ይልቅ ሰሚ ያገኛል።

እህል የሚገዛው ምርት በሚገባበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ጤፍ ነቀዝ የማይደፍረው እህል በመሆኑ ከደረቀና ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ከተቀመጠ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በቆሎ፣ ባቄላና ስንዴ ግን ነቀዝ ስለሚበላቸው አየር በማያስገባ ድርብ ከረጢት መታሸግ አለባቸው። የተፈጨ ሽሮና ዱቄት ከአንድና ከሁለት ወር በላይ አይከማች። ከሁለት ከሦስት ሰፈር ማኅበራት ጋር ሆኖ በአንድ መኪና ማስመጣት የማጓጓዣውንም የደላላውንም ወጪ ያቃልላል።

ከሆቴልና ከድግስ የተረፈ ምግብ መቀበል አለብን?

ከማብሰያ ቤት ያልወጣና ለእንግዳ ያልቀረበ ከሆነ፣ የበሰለበትም ሰዓት ከታወቀ መቀበል ይቻላል። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ከእሳትና ከማቀዝቀዣ ውጭ መቆየት የለበትም፤ ትኩስ የሚቆየውም ከ60 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ሊሆን ይገባል። ሌሊት ያደረ የሥጋ ወጥ ማለዳ ሲመጣ፣ ሽታው ደህና ቢመስልም፣ በምስጋና መመለስ አለበት። በአንድ ቀን ሰማንያ ደካማ ሰው የታመመበት ማኅበር ለብዙ ዓመታት የገነባውን እምነት በአንድ ምሽት ያጣል፤ ከእምነቱም በላይ አረጋዊና በሽተኛ ተቅማጥን መቋቋም አይችልም።

በጣም የከሱ ሕፃናት ቢመጡ ምን እናድርግ?

ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ፤ እዚያ እስኪደርሱም አብሯቸው የሚሄድ ሰው ይመደብ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የላይኛው ክንድ መሐል ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት፤ የሁለቱም እግሮቹ እብጠትም እንዲሁ የአደጋ ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን በሽሮና በእንጀራ አይድንም፤ በባለሙያ ክትትል ፕላምፒነትን የመሰለ የሕክምና ምግብ ያስፈልገዋል። የክንድ መለኪያውን ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ተቀብሎ አጠቃቀሙን መማር ብዙ ጊዜ አይወስድም። የማኅበሩ ድርሻ እናቲቱንና ሌሎቹን ልጆች መመገብ ነው፤ እናት ካልበላች ለሕፃኑ የተሰጠው ምግብ ለወንድሞቹ ጭምር ይከፋፈላል።

በጎ ፈቃደኞች እየቀነሱ ነው፤ ደሞዝ መክፈል ይፈቀዳል?

ይፈቀዳል፤ ከተወሰነ መጠን በኋላም ያስፈልጋል። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ምጣድ የምታሰማ ሴት በሳምንት አንድ ቀን በፈቃደኝነት ልትመጣ ትችላለች፤ በየቀኑ ግን አትችልም፤ የራሷ ቤት አላት። ዋና አብሳይዋ፣ ግምጃ ቤት ጠባቂውና ሒሳብ ያዡ ደሞዝ ቢያገኙ፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ ማቅረብና ዕቃ ማጠብ ለበጎ ፈቃደኞች በተራ ቢደለደል ሥራው ይጸናል።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የአስተዳደር ወጪ የሚባሉት እንደ ጽሕፈት ቤት ኪራይ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደሞዝ፣ የኦዲት ክፍያ ያሉት ሲሆኑ፣ በቀጥታ ለምገባው ሥራ የሚወጣው በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ሁለቱን ከመጀመሪያው ቀን በተለያየ ዓምድ መመዝገብ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲቀርብ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ቢረዱን በምን መልክ ይሁን?

በገንዘብ፣ በባንክ፣ በማኅበሩ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይሁን። በኮንቴይነር የሚላክ ምግብ የማጓጓዣ ወጪው፣ የጉምሩክ ሥርዓቱና የፈቃድ ጉዳዩ ከምግቡ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ሲደርስም ሰዉ የማያውቀው የታሸገ ነገር ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ያሉ ለጋሾች ከግብር የሚቀነስላቸው የሰጡት ለአገሩ ሕግ ተመዝግቦ ዕውቅና ላገኘ ድርጅት ከሆነ ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ የሚያዋጡ ከሆነ እዚያ ከተመዘገበ አጋር ድርጅት ጋር መሥራት ያዋጣቸዋል። በየሦስት ወሩ የገባውንና የወጣውን የሚያሳይ አንድ ገጽ ብቻ ቢላክላቸው ከምስጋና ደብዳቤ ይልቅ ያረካቸዋል።

ለጋሾች ፎቶና ቪዲዮ ይጠይቃሉ፤ እንላክ?

የእህሉ፣ የድስቱ፣ የአብሳዮቹ፣ የደረሰኙ ፎቶ ይላክ። የተመጋቢ ፊት ግን አይላክ። እጁን ዘርግቶ ምግብ የሚቀበል ሰው «እሺ» ቢል እንኳ እንቢ የማለት ነፃነት ስላልነበረው ፈቃዱ ሙሉ አይደለም፤ ልጁ ከዓመታት በኋላ አባቱን በዚያ ምስል ሊያገኘው ይችላል። ይህ አቋም ለጋሽ ያሳጣል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ሰጪው መጥቶ አንድ ቀን አብሮ እንዲያቀርብ መጋበዝ ግን ከማንኛውም ቪዲዮ በላይ ያሳምነዋል።

መንግሥት ተመሳሳይ ሥራ በሰፈራችን ቢጀምር ምን እንሁን?

ደስ ይበላችሁ፤ ቀጥሎም የቀረውን ክፍተት ፈልጉ። በአዲስ አበባ የእናት ወግ የበጎ አድራጎት ማኅበር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ችግረኛ ተማሪዎችን መመገብ ከጀመረ ከዓመታት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ምገባውን የራሱ ሥራ አድርጎ አስፍቶታል። ለማኅበር ከዚህ የሚበልጥ ዕድገት የለም፤ ያሳየው መንገድ የከተማው ሁሉ ሆኗልና። ዛሬ በከተማዋ ተስፋ ብርሃን የተሰኙ የምገባ ማዕከላትም አሉ።

የትምህርት ቤት ምገባ ሲጀመር ግን ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚቀሩ ልጆች አሉ፤ ገና ለትምህርት ያልደረሱ ታናናሾች አሉ። የምገባ ማዕከል በአንድ ቦታ ሲከፈት እዚያ ድረስ መሄድ የማይችሉ የአልጋ ቁራኞች አሉ። የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት በባዶ ሆድ መዋጥ የሚከብዳቸው ሕሙማንም አሉ። ከወረዳው ጋር ተቀምጦ «እናንተ ይህን ከያዛችሁ እኛ ያንን እንይዛለን» ብሎ መከፋፈል ሁለቱም አንድን ሰው እንዳያበሉና ሌላውን እንዳይተዉ ያደርጋል።

ሁለተኛ ቅርንጫፍ መክፈት አለብን?

ብዙውን ጊዜ መልሳችን «አይ፣ ገና ነው» የሚል ነው። የሰፈር ማኅበር ኃይሉ ሰውን በስም ማወቁ ነው፤ ሌላ ሰፈር ላይ ያ ዕውቀት ከባዶ ይጀመራል። የዚያኛው ሰፈር ሰዎች ራሳቸው ተደራጅተው ሲጠይቁ ደብተር አያያዙን፣ የግዢውን ብልሃትና የመጋዘኑን ሥርዓት ማስተማር፣ የመጀመሪያውን ወር እህል ማበደር፣ በራሳቸው ስምና በራሳቸው ኮሚቴ እንዲሠሩ መተው ይሻላል። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን የመሰለ በአንድ ቤተሰብ ግቢ ተጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ለማኖር የበቃ ድርጅት ማየት ያበረታታል፤ ያ ግን ሌት ተቀን የሚኖሩበት መጠለያ እንጂ የሰፈር ማዕድ አይደለም፤ የሥራው ባሕርይም የአስተዳደሩም ክብደት የተለየ ነው።

በየቀኑ ማብላት ሰዎችን ጥገኛ አያደርግም?

ይህ ጥያቄ በብዛት የሚነሣው ስለ ወጣቶችና መሥራት ስለሚችሉ ሰዎች ነው፤ ከተመጋቢው ብዙው ግን አረጋዊ፣ ሕመምተኛ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ሕፃን መሆኑን መዝገቡ ያሳያል። የሰማንያ ዓመት እናትን «ሠርተው ይብሉ» ማለት አይቻልም። መሥራት የሚችለውም ቢሆን ሥራ የሚፈልገው በልቶ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ባዶ ሆዱን ሲሚንቶ መሸከም አይችልም።

ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው የሚጠቅመው ጊዜውን አስቀድሞ በግልጽ መስማማት ነው። ለምሳሌ ሦስት ወር ምግብ እንደሚያገኝ፣ በዚህ ጊዜ ማኅበሩ ሥራ እንደሚያፈላልግለት ወይም የጉልት መነሻ እንደሚያበድረው፣ ሥራ ካገኘ በኋላም እስከ መጀመሪያው ደሞዝ እንደማይቋረጥበት ይነገረዋል። የመጀመሪያው ደሞዝ እስኪደርስ ያለው ወር ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው የሚመለሱበት ስለሆነ መታለፍ የለበትም።

ገንዘብ ቢያልቅ ማንን እንቀንሳለን?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ውሳኔው ገንዘቡ ሳያልቅ፣ በሰከነ ልብ፣ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። በእኛ አስተያየት መጀመሪያ የሚቀነሰው የማኅበሩ ምቾት ነው፤ ትራንስፖርቱ፣ ስብሰባው፣ ሻይው። ቀጥሎ የምግቡ ዓይነት ይቀንሳል፤ ሁለት ወጥ የነበረው አንድ ይሆናል፣ እንጀራው በቂንጬ ወይም በንፍሮ ይተካል። ሦስተኛ አዲስ ምዝገባ ይቆማል። ከዚያም ካነሰ፣ ምድጃ ላላቸው ቤተሰቦች ይሰጥ የነበረው ደረቅ ቀለብ በግማሽ ይቀነሳል። የአልጋ ቁራኛው፣ መድኃኒት የሚወስደው፣ ነፍሰ ጡሯና ቤት የሌለው አረጋዊ ድርሻ ግን እስከ መጨረሻው ሳይነካ ይቆያል።

ቅነሳ ሲኖር ከሁለት ሳምንት በፊት ለተመጋቢዎቹ ራሳቸው በቃል መነገር አለበት። ደጅ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ማሳወቅ ማንበብ የማይችለውን ያገልላል፤ በዕለቱ መንገር ደግሞ ሌላ መላ የሚፈልግበትን ጊዜ ይነፍገዋል። በዚህ ስብሰባ ላይ ተመጋቢዎቹ የሚያቀርቡትን ሐሳብ መስማት ይገባል፤ «ቁርሱ ይቅርና ምሳው ይጽና» ወይም «እሑድ ቤተ ክርስቲያንና ጎረቤት ስለምናገኝ እሑድ ይዘጋ» የሚለውን ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።